የበራሶ ምስክርነትና የድንቅነሽ ፉርኖ

ድንቅነሽ ዲላ የገባችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ከመንዝ እስከ ሲዳሞ በበቅሎ ተጉዛ፣ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ ደንዝዞ ነው። ባሏ ከፈለኝ አባቷን የሚያክል ወታደር ነበር። ለአገልግሎቱ ደመወዝ አይከፈለውም፤ በደመወዝ ፋንታ ከዲላ በስተምሥራቅ፣ ወደ ቡሌ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖሩ አሥራ ሁለት የጌዴኦ አባወራዎች በገባርነት ተሰጥተውታል። ካመረቱት ይገብሩለታል፤ ከሳምንቱም ሦስቱን ቀን እቤቱ መጥተው ይሠሩለታል። በራሶ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነበር።

በራሶ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ለጌታው በቅሎ ሣር ያጭዳል። ሚስቱ ሎኮ እህል ትፈጫለች፤ በማር ጊዜ ማሩን፣ በቡና ጊዜ ቡናውን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ትወርዳለች። ድንቅነሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ስታይ «ለምን?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ክፉ ሴት ሆና አልነበረም። ሲያማቸው መድኃኒት ትሰጣለች፤ በዓመት በዓል የተረፈውን ታስቋጥራለች፤ እንዲያውም «ደግ እመቤት» የሚል ስም ነበራት። ግን ዝናብ ለምን ከላይ ወደ ታች ይዘንባል ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? የእሷም ነገር እንደዚያ ነበር። ይህን የፈረደባት ሌላ ሰው አይደለም፤ በሸመገለችበት ዘመን ራሷ ናት ሳትሸሽግ የተናገረችው።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ የክተት አዋጅ ሲነገር ከፈለኝ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። ቢቀር የሚነቅፈው አልነበረም። እሱ ግን ጠመንጃውን ወልውሎ ወደ ቆላው ከሚወርደው ጦር ጋር ዘመተ። የካቲት ላይ አብሮት የሄደ አንድ ጎረቤት እግሩን እየጎተተ ተመለሰ።

«ገናሌ ወንዝ ዳር በቅሎውን እያጠጣ ነበር» አላት። «አውሮፕላን መጣ። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።»

ልጅ አልነበራቸውም፤ የወለደቻቸው ሁለቱም በጨቅላነታቸው ሞተውባታል። ድንቅነሽ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ቀረች።

በማግስቱ ዓመት ኅዳር ላይ ጣልያን እየገፋ ቀረበ። የአገሩ ጦር ለቆ ወጣ፤ ገባር የነበራቸው ወታደሮችም ቤተሰባቸውን እየያዙ ተከተሉት። የድሮው መንግሥት ሄዷል፣ አዲሱ ገና አልገባም፤ በመካከሉ ያሉት ቀናት ዳኛ አልነበራቸውም። የስንት ዓመት ቂም በአንድ ሳምንት ፈነዳ። ከድንቅነሽ ቤት በላይ ያሉት ሁለት ቤቶች ተቃጠሉ፤ አንድ ሽማግሌ ወታደር ደጁ ላይ ተገደለ።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በራሶ ገጀራውን እንደያዘ ገባ። ድንቅነሽ ከመደቡ አልተነሣችም። «እንግዲህ ፍጻሜዬ ደረሰ» ብላ አማተበች።

«እመቤት፣ ተነሥ» አላት። በራሶ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። «ያን ጥቁር ልብስ አውልቅ። የሎኮ ልብስ አምጥቻለሁ። ቶሎ በል!»

በገጀራው ከጓሮዋ የእንሰት ቅጠል ቆራርጦ አንድ ትልቅ ሸክም አሰረና ጀርባዋ ላይ ጫነባት። ሰው ሲያያት ከገበያ የምትመለስ የአገሩ ሴት እንድትመስል ነው። አንገቷን ደፍታ ከኋላው ተከተለችው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ገመዱ ትከሻዋን ቆረጣት። ሎኮ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደወረደች፣ ያውም ከዚህ የሚከብድ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበችው እዚያ ላይ ነው።

አንድ መታጠፊያ ላይ ጦር የያዙ አምስት ሰዎች አስቆሟቸው። «ይህች ማናት?» ብለው በጌዴኦኛ ጠየቁ።

«የሚስቴ እህት ናት» አለ በራሶ። «መስማት አትችልም፤ አትድከሙ።»

አሳለፏቸው።

በራሶ ቤት አምስት ሳምንት ተቀመጠች። የሎኮን ቆጮ በጎመን በላች፤ ከአንዲቱ ላማቸው ወተት ጠጣች፤ ከሎኮ ጎን በአንድ ቁርበት ላይ ተኛች። ለሁለት የሚበቃው ለሦስት ሲካፈል አየች። አንድ ጧት መታገሥ አልቻለችምና ጠየቀችው።

«በራሶ፣ ለምን አዳንከኝ?»

«ሎኮ ነው ሂድ ያለኝ። ‹እመቤትን ከገደሉት፣ በዚያ በር ባለፍክ ቁጥር ትዝ ይልሃል። እያወቀ ዝም ያለ ባል አልፈልግም› አለኝ።»

ከዚህ ሌላ ምክንያት አልሰጣትም። ድንቅነሽ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ሎኮን ባየች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀር የነበረው በዚህ የተነሣ ነው።

ጣልያን ዲላ ገብቶ ነገሩ ሲበርድ ወደ ከተማ ተመለሰች። ቤቷ ባዶውን ቆሟል፤ በሩ እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል። በከበሮ አዋጅ ተነገረ፦ ገባርነት ቀርቷል፤ የኢጣልያ መንግሥት ባሕር ተሻግሮ የመጣው የተጨቆነውን ነጻ ሊያወጣ ነው። ድንቅነሽ ይህን ስትሰማ አልከፋትም፣ ደስም አላላትም። ያሳሰባት የዕለት እንጀራዋ ነበር።

በዚያው ወራት ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው የመኪና መንገድ ሥራ ተጀመረ። ለሠራተኛው ዳቦ የሚጋገርበት ፉርኖ እንዲሠራ አንድ ጣልያናዊ ግንበኛ ታዘዘ። ስሙ ቤፔ ነው፤ አጭር፣ ጆሮው ትልልቅ፣ እጁ እንደ ቅርፊት የሻከረ ሰው። ፉርኖውን በገበያው ዳር በድንጋይና በሸክላ አቁሞ ሲያበቃ እሳት የማይፈራ ጋጋሪ ፈለገ። ድንቅነሽ ሄደች። ሊጡን እንዴት እንደምታቦካ፣ ፍሙን ጠርጋ አውጥታ ዳቦውን በረጅም እንጨት እንዴት እንደምታስገባ፣ እጇን ወደ ፉርኖው አፍ ሰድዳ እስከ ስንት ስትቆጥር ካቃጠላት ሙቀቱ ልክ እንደሆነ ሁሉንም አሳያት። በአንድ ወር ውስጥ ከእሱ በላይ አወቀችበት። ለሠራተኛው ከጋገረች በኋላ የተረፈውን ለከተማው ሰው እንድትሸጥ ፈቀደላት፤ በዚህም ማንንም ሳታስቸግር መኖር ጀመረች።

ጧት ጧት ዳቦ የሚጠብቅ ሰው ፉርኖው ደጃፍ ላይ ይሰበሰባል። ሙቀት አለ፣ የዳቦ ሽታ አለ፣ ወሬ አለ። የወሬው መጨረሻ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ?

ከሁሉ ቀድሞ የሚጀምረው አህመድ ነበር። አህመድ ከአዲስ አበባ አቅራቢያ መጥቶ ዲላ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ቀልድ የሚወድ ነጋዴ ነው።

«እኔ ነጋዴ ነኝ» ይላል፤ «ሰው የሚለውን ሳይሆን የሚጭነውን ነው የማየው። ከጨለለቅቱ ቡና በካሚዮን ሲጭኑ አይቻለሁ። ከኮንጋም ሲጭኑ አይቻለሁ። ነጻነት ሲያራግፉ ግን እስካሁን አላየሁም።»

«ቡና ለመግዛት መድፍ አያስፈልግም» ይለዋል ግዛቸው። ግዛቸው በቀድሞው መንግሥት ጸሐፊ የነበረ፣ አሁን ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው ነው። «ቂም ነው ያመጣቸው። አያቶቻቸው ተሸንፈው ተመለሱ፤ የልጅ ልጆቹ ያን ሲሰሙ አደጉ። ለገንዘብ ቢሆንማ ያወጡት ወጪ ከሚያገኙት ይበልጣል።»

«ታዲያ በከበሮ የሚነገረውስ? ባሪያ፣ ገባር የሚሉት?» ይላል ሌላው።

«እሱ መጠቅለያው ነው» ይላል አህመድ። «እኔም ጨርቄን በጥሩ ወረቀት እጠቀልላለሁ።»

አንድ ቀን፣ ክርክሩ እንዲህ ደርቶ ሳለ፣ ለፉርኖው እንጨት ይዞ የመጣው በራሶ ሸክሙን አወረደ። እንጨቱን አሁን የሚያመጣው ተገዶ ሳይሆን በዋጋ ነው። ላቡን ጠረገና ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«እኔ ልናገር?» አለ። «እናንተ ለምን መጣ፣ ለምን መጣ ትላላችሁ። ድሮ ሳምንቱ ሦስት ቀን የጌታ ነው። አሁን ሳምንቱን ሙሉ የራሴን እንሰት እተክላለሁ፣ የራሴን ቡና እለቅማለሁ። ይሄን ማን ሰጠኝ? የናንተ መንግሥት ነው?»

ግዛቸው መሬት መሬት አየ። ቀስ በቀስ የሁሉም ዓይን ወደ ድንቅነሽ ሄደ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ፉርኖው አፍ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ የጋለው ከእሳቱ ነው ወይስ ከሌላ ነገር ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ የዚያን ዕለት ግን አንድ ሙሉ ዙር ዳቦ አረረባት።

ቤፔ ከጎን ቆሞ ሲሰማ ነበር። አማርኛውን የለቀመው ከገበያ ነው፤ ተናጋሪ ባይሆንም ያዳምጣል። አህመድ ዞር አለና «አንተስ፣ ሲኞር ቤፔ? አንተ ለምን መጣህ?» ሲል ጠየቀው።

ቤፔ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ።

«እኔ አገር መሬት የጌታ ነው» አለ ቃላቱን እየፈለገ። «እኔ ያርሳል፣ አባቴ ያርሳል፣ ጌታ ግማሽ ይወስዳል። ጌታ ሲጠራ እንሄዳለን። ‹ገባር› ትላላችሁ፤ እኔም ገባር። አንድ ቀን ትልቅ ሰው መጣ፣ አደባባይ ላይ ጮኸ። ‹አፍሪካ ሂዱ፣ መሬት አለ፣ ሥራ አለ› አለን። እኔ መጣሁ።»

በራሶ ይህን ሲሰማ ወደ ቤፔ ጠጋ አለ። እንደማያምን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«እሱ አገር ገባር አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ እሱን ማን ነው ነጻ የሚያወጣው? መንግሥቱ የራሱን ገባር ትቶ እኔን ሊያወጣ ባሕር ተሻገረ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤፔም ትርጉሙ ዘግይቶ ሲገባው ከማንም በላይ ሳቀ። በራሶ ብቻ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በልቡ ይዞ ዞረ።

በ1930 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጣልያኖቹ የድላቸውን መታሰቢያ ሊያከብሩ ተዘጋጁ። የከተማው ሹም አንድ ካፒቴን ነበር። በዓሉን ምን እንደሚያደምቀው ሲያስብ አንድ ነገር መጣለት፤ አስተርጓሚውን ወንድይራድን ልኮ ድንቅነሽንና በራሶን አስጠራ። ወንድይራድ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ቋንቋውን የተማረ፣ ቀጭን፣ ዘወትር የሚሰጋ ወጣት ነው። የታዘዘውን ነገራቸው። በራሶ ሕዝብ በተሰበሰበበት ወጥቶ «የኢጣልያ መንግሥት የመጣው እኔን ነጻ ለማውጣት ብቻ ነው» ብሎ ይመሰክራል። ድንቅነሽ የገባር ጌታ ሚስት ነበረችና ባንዲራው ሥር ተንበርክካ መንግሥት ምሕረት እንዲያደርግላት ትለምናለች።

«እምቢ ብንልስ?» አለች ድንቅነሽ።

«እባክዎን እትዬ ድንቅነሽ» አለ ወንድይራድ። «እባክዎን አይበሉ።»

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ድንቅነሽ ዳገቱን ወጥታ በራሶ ቤት ሄደች። ሎኮ እንሰት ስትፍቅ አገኘቻት። በራሶ ገና ከሶንጎ መመለሱ ነበር፤ ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚማከሩበት ቦታ ነው።

«ስለ እኔ ምን ልትል ነው?» አለችው።

«የሆነውን» አለ በራሶ።

መልሱ አጭር ነው፤ ግን ቤቱን ሞላው። ድንቅነሽ ልትናገር የመጣችው ነገር ነበራት። በመንገድ ሁሉ ስታጠናው መጥታለች። አሁን ግን ሃያ ዓመት ያልተባለ ነገር በአንድ ትንፋሽ አልወጣ አላት። በራሶም ስለ ሶንጎው ይነግራት ጀመር።

«ሁለት ቀን ተከራከርን። አንዱ ሽማግሌ ‹የፈለገውን በለው፣ ቃል ምን ያስከፍላል› አለ። ሌላው ተቆጣ። ‹ነጻ ሊያወጣን ከመጣ ለምን አሁን ደግሞ በከበሮ እየጠራ ለመንገዱ ድንጋይ ያስፈልጠናል?› አለ። አንዱ ደግሞ ‹የድሮው ጌታ ከዚህ ይሻላል?› አለ። ማንም የድሮው ይሻላል አላለም።» እዚህ ላይ ድንቅነሽን አየት አደረጋት። «በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ተናገረ። እሱ ያለው ጥሩ ነው። እኔም እሱን እላለሁ።»

ምን እንዳለ ግን አልነገራትም።

በበዓሉ ቀን ገበያው ጢም ብሎ ሞላ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ መለከት ተነፋ። ካፒቴኑ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ወንድይራድም አሳጥሮ ተረጎመ። ከዚያ በራሶ ተጠራ። ወደ ፊት ወጣና ኮፍያውን አወለቀ፤ ቃሉ ሳይበላሽ እንዲወጣ በጌዴኦኛ ተናገረ።

«ገባር ነበርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ለዚህች ሴት ባል ሠራሁ። አባቴም ሠርቷል። ያ ቀንበር ወርዷል። በመውረዱ ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም፣ ለማንም ብዬ አልክድም። አሁን ግን መንግሥት ለምን እንደመጣ ተናገር ተብያለሁ። እናንተ ከብት የምታውቁ ናችሁ። ላም የሚያልብ ሰው አስቀድሞ ምን ያደርጋል? ጥጃውን ይፈታል። ጥጃው ሮጦ ይጠባል፤ ላሟም ወተቷን ትለቃለች። ከዚያስ? ጥጃው ይጎተትና ይታሰራል፤ ቅሉ ይቀርባል። ጥጃው ስለቀመሰው ያመስግን፤ ተገቢ ነው። ሰውዬው ቅሉን ይዞ የመጣው ለእኔ አስቦ ነው እንዲል ግን አታስገድዱት።»

መጀመሪያ ጌዴኦዎቹ ሳቁ። ቀጥሎ ቋንቋውን የሚሰማው ለማይሰማው እየነገረ ሳቁ እንደ እሳት ከዳር ዳር ተያያዘ። ካፒቴኑ ወደ ወንድይራድ ዞረ።

ወንድይራድ ፊቱ አመድ መስሏል። «መንግሥትን አመሰገነ» አለ። «ደስ እንዳለውም ተናገረ። ከዚያ… ስለ ከብት እርባታ ትንሽ ጨመረ።»

ካፒቴኑ አላመነም፤ ነገር ግን በዓሉ እንዳይበላሽበት ቸኮለና «ሴትዮዋ ትቅረብ!» አለ።

ድንቅነሽ ወጣች። ባንዲራው ከፊቷ ነው። ቆማ ሕዝቡን አየች፤ በራሶን አየች፤ ዳር ላይ ቆማ አፏን በእጇ የያዘችውን ሎኮን አየች። እግሯ ሥር የመንገድ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱት ድንጋይ ነበር። ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ በተወለደችበት አገር በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው ማጅራቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ ለባንዲራው ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በራሶ ሄደችና እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ጋሽ በራሶ» አለች። ጋሽ ብላ ስትጠራው ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው። «የበደልኩት መንግሥትን አይደለም፤ አንተን ነው። ሎኮንም ነው። ሃያ ዓመት በላባችሁ በላሁ፤ እናንተ ደግሞ ነፍሴን አተረፋችሁልኝ። ይቅር በሉኝ።»

በራሶ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገባው፤ እንዲህ ያለ ወግ በእሱ አገር አያውቅም። ሎኮ ናት ሰውን ገፋፍታ የደረሰችው። ድንጋዩን ከማጅራቷ አንሥታ ወረወረችና በክንዷ ደግፋ አቆመቻት።

«እመቤት» አለ በራሶ በቀስታ፣ «ድንጋይ ተው። እኛ መንገድ ላይ ድንጋይ ተሸክመን ሰልችቶናል።»

ድንቅነሽ እያለቀሰች ሳቀች።

ካፒቴኑ «ምን አለች?» ብሎ ጮኸ። ወንድይራድ እንደገና ሊያለሳልስ አፉን ከፈተ፤ ግን እሷን አየና ሐሳቡን ለወጠ። ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። ያቺ ደቂቃ ብዙ እንዳስከፈለችው ድንቅነሽ ታውቃለች፤ በማግስቱ ከሥራው ተባረረ። እሷም እስከ መጨረሻው ስሙን ሳታነሣ አንድም በዓል አላሳለፈች።

በራሶ በዚያው አደባባይ ሃያ ጅራፍ ተገረፈ፤ ስድስት ወርም በመንገዱ ሥራ ድንጋይ እንዲፈልጥ ተፈረደበት። ድንቅነሽን እስር ቤት አስገቧት። በሦስተኛው ቀን ግን ከመንገዱ ካምፕ አቤቱታ መጣ፤ ዳቦው ወይ ያራል ወይ ሊጥ ነው፣ ሠራተኛው ሆዱን እያመመው ነው። ቤፔ ካፒቴኑ ፊት ቀርቦ «ያን ፉርኖ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። እሷ ካልተመለሰች አፍርሼ እንደገና መሥራት አለብኝ፤ ሁለት ወር ይፈጃል» ብሎ ማለ። ሐሰት ነበር። ፉርኖውን ያቆመው እሱ፣ ዳቦ መጋገር ያስተማራትም እሱ ነው። ያን ሦስት ቀን ዳቦውን ሆን ብሎ ሲያበላሽ የነበረውም እሱ ራሱ እንደሆነ የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ተፈታች። ከዚያ ጧት ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይጓደል፣ ከመጀመሪያው ዙር ከሚወጡት ዳቦዎች ትልቁ ለበራሶ ሄደ። ቤፔ በካሚዮኑ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከመዶሻው ሥር ደብቆ ያደርስለት ነበር። አህመድ ሻካራ ልብስ የጅራፉን ቁስል እንዳይፍቅበት አንድ ጥንድ ሸሚዝ ሰጠ፤ ድንቅነሽ ዋጋውን ስትጠይቀው «ይኸኛው ያለ መጠቅለያ ነው» ብሎ ሄደ። እሑድ እሑድ ድንቅነሽ ዳገቱን ትወጣለች። በራሶ በሌለበት ሎኮ ብቻዋን እንዳትቸገር አብራት ትኮተኩታለች፤ እንሰት መፋቅም ተማረች። እጇ ቆስሎ ሲደማ ሎኮ ትስቃለች፤ እሷም ትስቃለች። በራሶ ስድስት ወሩን ጨርሶ፣ ከስቶ ግን ቀጥ ብሎ ሲመለስ ሁለቱን ሴቶች ጓሮው ውስጥ አገኛቸው።

በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የእንግሊዝ ጦር ከደቡብ መጣ፤ አብዛኞቹ ወታደሮች ግን ከቅኝ ግዛቶቹ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ጣልያኖቹ ተማረኩ። በፉርኖው ደጃፍ ክርክሩ ሌላ አርእስት አገኘ፦ እንግሊዝስ ለምን መጣ? ቤፔ ከምርኮኞቹ ጋር በካሚዮን ሲጫን ድንቅነሽ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሮጣ ደረሰች። ጠባቂው ሊከለክላት ሲል እጁን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ለቤፔ አቀበለችው።

«እግዚአብሔር መሬት ይስጥህ» አለችው፤ «የራስህ የሆነ።»

ቤፔ ዳቦውን ደረቱ ላይ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ሰምታ አታውቅም።

ብዙ ሳይቆይ የሸሹት ባለ ገባሮች መመለስ ጀመሩ። በሕግ ገባርነት የለም ቢባልም መሬቱ በስማችን ነው እያሉ ባላገሩን ጭሰኛ የሚያደርጉት በረከቱ። ግዛቸው ተመልሶ ጸሐፊ ሆኗል። ድንቅነሽን አስጠራት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «የሟች ከፈለኝ ድርሻ በመዝገብ አለ፤ አሥራ ሁለት አባወራ ያለበት መሬት። ወራሽ አንቺ ነሽ። እዚህ ላይ ጣትሽን አኑሪ።»

ድንቅነሽ መዝገቡን ረጅም ጊዜ አየች። ማንበብ አትችልም።

«አቶ ግዛቸው፣ ሌላ ወረቀት አምጣ» አለችው። «እኔ የምልህን ጻፍ። መሬቱ የበራሶና የአሥራ አንዱ ጎረቤቶቹ ነው፤ የአባቶቻቸውም ነበር። እኔ ምስክር ነኝ። ባሌ ከዚያ መሬት አንዲት ችግኝ አልተከለም።»

«ሴትዮ፣ አበድሽ? ምን ልትበዪ ነው?»

«ዳቦ» አለች።

ግዛቸው ብዕሩን አስቀመጠ፤ አነሣ፤ እንደገና አስቀመጠ። ያ ሁሉ ጧት ፉርኖው ደጃፍ ላይ የተከራከረ ሰው ነውና መጨረሻ ላይ ጻፈው። ሌሎች ብዙ ባላገሮች ያን ያህል ዕድል አልገጠማቸውም፤ እስከ ብዙ ዘመን ድረስ በራሳቸው መሬት ጭሰኛ ሆነው ኖሩ። ይህ ድንቅነሽን ሲያሳዝናት ኖረ። የአሥራ ሁለቱ መሬት ግን በዚያች ወረቀት ጸና።

በዚያው ዕለት ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ዳገቱን ወጣች። በራሶ ጓሮው ውስጥ የቡና ችግኝ ሲተክል አገኘችው። የሆነውን ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ አፈር በነካ እጁ ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ አንዲት ችግኝ አነሣና ሰጣት።

«ያዝ» አላት። «ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

ተንበርክካ ችግኟን በሁለት እጇ ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ እሱ ዙሪያውን አፈር ሞላ። ሌላ አነሣ፤ እሷም ያዘች። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ለተከላው መልካም ነበርና አላቆሙም። ከእንሰቱ ባሻገር ሎኮ ምግብ ደርሷል ብላ ሁለቱንም በስማቸው ጠራች።